በአይስ ሆኪ ጭማሪ ሰዓት ሙከራ እንዴት ይቆጠራል? ከድሬዳዋ ለሚከታተል ተመልካች ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ በረዶ የሚገኘው ፍሪጅ ውስጥ ነው። እንደዚያም ሆኖ አይስ ሆኪ የሚከታተል ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ በስልኩ አጫጭር ቪዲዮ ሲያይ ተለክፏል። ሌላው ስሙን መጀመሪያ ያነበበው ቤቲንግ ቤት ስክሪን ላይ ነው። (ትኬት ለመቁረጥ ብሎ ይህን የሚያነብ ካለ ይቅርታ፣ የዛሬው ጉዳይ ሌላ ነው።) በየትኛውም በር ይግባ፣ ጨዋታው ጭማሪ ሰዓት ላይ ሲደርስ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄ ቡድን ያን ሁሉ ሙከራ አድርጎ እንዴት ተሸነፈ?

ሳቢያን ካሉ ወዳጆቼ ጋር ሁሌ የሚያጨቃጭቀን ይሄው ነው። «አቦ፣ ሙከራው 5 ለ 1 ነው እኮ!» ይላሉ። እውነት ነው፣ 5 ለ 1 ነው። ግን በጭማሪ ሰዓት ብዙ መምታትና በልጦ መጫወት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም አንዳንዱ ሙከራ ለተጋጣሚ የሚሰጥ ስጦታ ነው። ይህንን በዓይን ለማየት ውድ ነገር አያስፈልግም። አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶና የስልክ ሰዓት ይበቃል። የማወራው ስለ ኤንኤችኤል፣ ማለትም ስለ ሰሜን አሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ ነው።

1. መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ

አብዛኛው የምሽት ጨዋታ በአሜሪካ ምሥራቅ አቆጣጠር 19:00 አካባቢ ይጀምራል። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ድረስ ይህ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በቀሩት የውድድር ወራት እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ በብርዱ ወራት ጭማሪው የሚመጣው ሱብሂ ከተባለ በኋላ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንቅልፍ የሚወድ ሰው የቅዳሜና የእሑድ የቀን ጨዋታዎችን ይምረጥ። በእነሱ 13:00 የሚጀምረው ድሬ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይገባል።

2. ሕጉን በደንብ ያዙት

መደበኛው ጨዋታ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች አሉት። ሜዳ ላይ በየቡድኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይሆናሉ። በገና ጨዋታ ሩሯን በዱላ ያሳደደ ሰው መሠረቱን ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ የምትመታው ነገር ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ የጎማ ክብ መሆኗ ነው። ስፋቷ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው።

አቻ ከሆኑ በመደበኛው የውድድር ዘመን 5 ደቂቃ ይጨመራል። በዚህ 5 ደቂቃ ተጫዋቾቹ ሦስት ለሦስት ይሆናሉ፣ በረኞቹ ሳይቆጠሩ። ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል፣ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። ማንም ካላገባ ወደ መለያ ምት ይኬዳል።

ሦስት ለሦስት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015-16 የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1999-2000 ጀምሮ፣ አራት ለአራት ነበር። ሊጉ ቁጥሩን የቀነሰው መለያ ምት ስለበዛበት ነው። ሠርቶለታል። በ2014-15 ጭማሪ ሰዓት ከገቡት ጨዋታዎች በ5 ደቂቃው ውስጥ ያለቁት ከመቶ 44 ገደማ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከመቶ 61 ገደማ ደረሱ።

ነጥቡንም አትርሱ። አሸናፊ 2 ያገኛል። በጭማሪ ወይም በመለያ ምት የተሸነፈ 1 ያገኛል። በመደበኛው ሰዓት የተሸነፈ ባዶ እጁን ይሄዳል። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የመጨረሻ ደቂቃዎች አቻ የሆኑ ቡድኖች በድንገት ሲቀዘቅዙ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። ሁለቱም 1 ነጥብ ኪሳቸው ሊገባ ነው፣ ማን ያበላሻል?

3. ሙከራ ስንት ዓይነት ነው?

ስክሪኑ ጥግ ላይ የምታዩት ቁጥር ዒላማውን የጠበቀ ሙከራ ብቻ ነው። በረኛው ያዳነው ወይም ጎል የሆነው ማለት ነው። ቋሚ ወይም አግዳሚ መትቶ የተመለሰ አይቆጠርም። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። በጣም አደገኛው ምት ብረት መትቶ ሲመለስ በሙከራ መዝገቡ ላይ ዜሮ ነው!

ከዚያ ውጪ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ወደ ውጪ የወጣ ነው፣ ብረት የመታውም እዚህ ይገባል። ሌላው በተከላካይ የታገደ ነው። እነዚህን ሁሉ፣ ጎሉንም ጨምሮ፣ አንድ ላይ ብትደምሩ ኮርሲ የሚባለውን ቁጥር ታገኛላችሁ። ስሙ የተወሰደው ቡፋሎ ሴበርስ ውስጥ የበረኞች አሰልጣኝ ከነበረው ከጂም ኮርሲ ነው። ሰውየው በረኛ ያልደረሰበትንም ምት ለመመከት ይዘጋጃል፣ ጉልበቱን ያወጣል ብሎ ሁሉንም ይቆጥር ነበር። የታገዱትን ስታወጡ ደግሞ ፌንዊክ ይባላል።

በአምስት ለአምስት ኮርሲ ጥሩ መለኪያ ነው። አንድ ቡድን በውድድር ዘመኑ ከተጋጣሚው አብልጦ ከሞከረ ፓኩን አብልጦ ይዟል ማለት ይቻላል። በሦስት ለሦስት ግን ይህ ግንኙነት ይላላል። ፓኩን ይዞ ሆን ብሎ የማይመታ ቡድን አለና። ወረቀቱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

4. ወረቀቱን አዘጋጁ

ወረቀቱን መሃል ለመሃል አስምሩና በግራ አንዱን፣ በቀኝ ሌላውን ቡድን ጻፉ። በየቡድኑ ሥር አምስት ነገር ትመዘግባላችሁ፦ ፓኩን የያዘበትን ጊዜ፣ የሞከረበትን ቦታ፣ የሙከራውን ዕጣ፣ ከሙከራው በኋላ ፓኩን ማን እንዳገኘው እና በዚያች ሰዓት የደከመው ማን እንደነበር።

ምልክት ተጠቀሙ እንጂ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ጨዋታው አይጠብቃችሁም። እኔ ለቅርብ ሙከራ ነጥብ፣ ለሩቅ ሙከራ ሰረዝ አደርጋለሁ። በረኛ ከያዘው «ያ»፣ ከተፋው «ተ»፣ ከወጣ «ወ»፣ ከታገደ «ታ» እጽፋለሁ። ብረት ከመታ «ብ»። አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ወረቀቱ አይጨናነቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ለመመዝገብ ከሞከራችሁ ጨዋታው ያመልጣችኋል። በመጀመሪያው ምሽት የያዙበትን ጊዜ ብቻ ቁጠሩ። ሌላውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

5. የመጀመሪያው ፌስኦፍ

ዳኛው ፓኩን በሁለት ተጫዋቾች መካከል ይጥላል። ማን አገኘው? ጻፉት። በመደበኛው ሰዓት አንድ ፌስኦፍ መሸነፍ ብዙም አይጎዳም። በሦስት ለሦስት ግን ፓኩን ያገኘው ቡድን አንድ ደቂቃ ሙሉ ላይለቅ ይችላል። ያ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ አምስተኛው ነው። ለዚህም ነው አሰልጣኞች መጀመሪያ ፌስኦፍ የሚችል ሰው አስገብተው፣ ፓኩ እንደተገኘ የሚቀይሩት።

6. ማን ደከመ? ረጅሙ ቅያሬ

የጭማሪ ሰዓት ዋናው ቁልፍ ይሄ ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ይህንን ያንብብ።

በሆኪ ቅያሬ የሚደረገው ጨዋታው ሳይቆም ነው። አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር ሜዳ ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ አካባቢ ነው። በሙሉ ኃይል ስለሚንሸራተቱ ከዚያ በላይ እግር አይሠራም። በአንደኛውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የቡድኑ ቤንች ወደ ራሱ መከላከያ ክልል ይቀርባል። በጭማሪ ሰዓት ግን ቡድኖቹ የሚከላከሉትን ጎል ይቀያየራሉ። ስለዚህ የሚከላከል ተጫዋች ቤንቹ ይርቀዋል። ለመቀየር የመከላከያ ክልሉ የሚያበቃበትን ሰማያዊ መስመር አልፎ መሃል ድረስ መሄድ አለበት።

ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር ነው። ከጎል መስመሩ እስከ ሰማያዊው መስመር ድረስ ያለው የማጥቂያ ክልል 19.5 ሜትር ይሆናል። እዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ሦስት ሰው ሦስት ሰው ይጠብቃል። አንዱ ለመቀየር ከወጣ ጎሉ ፊት ሦስት ለሁለት ይሆናል። ስለዚህ አይወጣም። እየደከመም ይቆያል።

አጥቂው ቡድን ይህንን ያውቃል። ፓኩን ይዞ ይዞራል፣ ይቀባበላል። ካልተመቸው ክልሉን ለቅቆ ወደ መሃል ይመለሳል። ተመልካቹ ያጉረመርማል፣ «ለምን አይመታም?» ይላል። እሱ ግን መሃል ላይ ሰው በሰው እየቀየረ ነው። ትኩስ ሦስት ሰው ይዞ ይመለሳል። ተጋጣሚው እነዚያው የደከሙት ከሆኑ ነገሩ አልቆለታል።

እንዴት ትመዘግቡታላችሁ? ተከላካዮቹ ሜዳ ላይ የገቡበትን ሰዓት ያዙ። 50 ሰከንድ ሲያልፋቸው ከስማቸው አጠገብ «ደ» ጻፉ። ምልክቱ በዓይንም ይታያል። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የሚያጎነብስ፣ ሰውየውን በእግሩ ሳይሆን በዱላው ብቻ የሚከተል ተጫዋች ጨርሷል።

አሁን ወደ ስጦታው እንመለስ። ተጋጣሚ ሦስቱም ደክመዋል እንበል። አንዱ አጥቂ ትዕግሥት አጥቶ ከሩቅ ይመታል። በረኛው ደረቱ ላይ ይይዘዋል። ዳኛው ያፏጫል። ስክሪኑ ላይ ሙከራው አንድ ጨመረ። ሜዳው ላይ ግን የደከሙት ሦስቱ ተንሸራትተው ወጡ፣ ሦስት ትኩስ ገቡ። አንድ ደቂቃ ሙሉ የተደከመበት ሥራ በአንድ ምት ጠፋ። ይህንን በወረቀቴ ላይ አክብቤ «ስጦታ» እለዋለሁ። ስታትስቲክሱ ግን በጎ ነገር አድርጎ ይመዘግበዋል።

7. ከየት ተመታ?

የሙከራ ጥራት የሚለካው በርቀትና በማዕዘን ነው። ጎሉ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ቁመት አለው። የዘመኑ በረኛ በትጥቁ አብዛኛውን ይሸፍነዋል። ከጎን በኩል ሲመታ የሚታየው ክፍተት ጥቂት ነው። ከፊት ለፊት፣ በረኛው አፍንጫ ሥር ሲሆን ግን ነገር ይለወጣል።

የሚጠበቅ ጎል፣ ማለትም ሙከራው ጎል የመሆን ዕድሉን የሚገምተው በእግር ኳስ የለመድነው ኤክስጂ፣ በሆኪም አለ። እንደ መኒፐክና ናቹራል ስታት ትሪክ ያሉ ድረ ገጾች በነፃ ያወጡታል። ርቀትን፣ ማዕዘንን፣ ሙከራው ከተተፋ ፓክ መምጣቱን የመሳሰሉትን ይመዝናሉ። ነገር ግን ከመመታቱ በፊት የነበረው ቅብብል ለሕዝብ በሚወጣው መዝገብ ላይ አይገኝም። በሦስት ለሦስት ደግሞ ጎሉን የሚሠራው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የቀድሞው በረኛ ስቲቭ ቫሊኬት የማጥቂያ ክልሉን መሃል ለመሃል በሚከፍል ምናባዊ መስመር ይህንን ያስረዳል። መስመሩን ሮያል ሮድ ይለዋል። ፓኩ ይህንን መስመር ተሻግሮ ወዲያው ከተመታ በረኛው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መወርወር አለበት። በዚያች ቅጽበት መረቡ ክፍት ነው። ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ መሃሉን ተሻግሮ ለመጣ ሙከራ ኮከብ አድርጉ። እኔ አንዱን ባለ ኮከብ ሙከራ ከሦስት የሩቅ ሙከራ አብልጬ ነው የማየው። ቁጥሩ የኔ ግምት ነው፣ እናንተ የራሳችሁን አውጡ።

8. ከሙከራው በኋላ ምን ሆነ?

በሦስት ለሦስት አደገኛው ሙከራ ወደ ውጪ የሚወጣው ነው፣ ለመቺው ማለቴ ነው። ፓኩ የኋላውን ግድግዳ መትቶ በጥምዝ ዙሪያውን ይመጣል። ሁለት አጥቂዎች ጎል ስር ናቸው። አንድ ተከላካይ ፓኩን አግኝቶ ሲነሳ ሁለት ለአንድ ይሆናል። ከጭማሪ ሰዓት ጎሎች ብዙዎቹን ወደ ኋላ መልሳችሁ ብታዩ፣ መነሻው ተጋጣሚ የሳተው ምት ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ «ወ» ቀጥሎ ያለውን አምስት ሰከንድ ተመልከቱ። መልሶ ማጥቃት ከሆነ ቀስት ሳሉ። የቀስት ብዛት የቡድኑን ጥድፊያ ይነግራችኋል።

9. ቅጣትና ባዶ ጎል

ከሦስት ሰው በታች መውረድ የለም። ስለዚህ አንድ ቡድን ሲቀጣ ተጋጣሚው አራተኛ ሰው ይጨምራል፣ አራት ለሦስት ይሆናል። ቅጣቱ ሲያበቃ የተቀጣው ስለሚመለስ ጨዋታው እስኪቆም አራት ለአራት ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ የሚደረጉ ሙከራዎችን ለብቻ ጻፉ፣ ከሌላው ጋር አትደምሩ።

አንድ ያልተለመደ ነገርም አለ። በጭማሪ ሰዓት በረኛውን አውጥቶ አራተኛ አጥቂ ያስገባ ቡድን ባዶው ጎል ላይ ከገባበት፣ የያዛትን 1 ነጥብ ያጣል። ለዚህም ነው የሚደፍር የማይገኘው። ሚኔሶታ ግን በማርች 2024 ከቬጋስ ጋር ደፈረ፣ ማት ቦልዲም አገባለት። ነጥብ በጣም ለቸገረው ቡድን 1 ነጥብ የማትጠቅምበት ጊዜ አለ።

10. ወረቀቱን ማንበብ

ለምሳሌ ያህል ቀይና ነጭ የሚባሉ ቡድኖች እንፍጠር። በሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነጭ አግብቶ ጨዋታው አለቀ። የወጣው ስታትስቲክስ ዒላማ የጠበቀ ሙከራ ቀይ 4፣ ነጭ 1 ይላል። ጓደኛችሁ «ዕድል ነው» ይላል።

ወረቀታችሁ ግን ይህንን ይዟል። የቀይ አራቱ ሙከራዎች ሁሉም ሰረዝ ናቸው። ሁለቱ ላይ «ስጦታ» ተጽፏል፣ ነጭ ደክሞ ሳለ ዳኛው ያፏጨባቸው ናቸው። አምስተኛ ሙከራም አለ፣ «ወ» እና ቀስት ያለው። የነጭ ጎል የመጣው ከዚያ ቀስት ነው፣ ባለ ኮከብ። ነጭ ፓኩን ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይዟል። አሁን ማን ነው በልጦ የተጫወተው?

ግን ከአንድ ምሽት ትልቅ መደምደሚያ አታውጡ። የኤንኤችኤል በረኞች ዒላማ ከጠበቁ 10 ሙከራዎች 9 ያህሉን ያድናሉ። በሦስት ለሦስት ይህ ዝቅ ይላል፣ ያም ሆኖ አምስት ስድስት ሙከራ ውስጥ ምንም ሊፈጠር ይችላል። ጥሩ የተጫወተም ይሸነፋል። ለአንድ ቡድን አሥርና አሥራ አምስት ጭማሪ ሰዓት ሲጠራቀም ግን ጠባዩ ይወጣል። ማን ይታገሣል፣ ማን ይጣደፋል፣ ማን ቅያሬ ያውቃል የሚለው ያኔ ይታያል።

11. ፕሌይኦፍ ሲመጣ ወረቀቱን ቀይሩ

በፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው የውድድር ዘመን በኋላ ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ ሦስት ለሦስት የለም፣ መለያ ምትም የለም። አምስት ለአምስት፣ 20 ደቂቃ፣ ጎል እስኪገባ ድረስ ይቀጥላል። ረጅሙ ጨዋታ ማርች 24 ቀን 1936 የተጀመረው ነው። ዲትሮይት ሞንትሪያል ማሩንስን 1 ለ 0 ያሸነፈው በስድስተኛው ጭማሪ ነበር። ጎሏን ያስቆጠረው ማድ ብሩኔቶ ነው።

እዚህ ስልቱ ይገለበጣል። ፓክ ይዞ መዞር አያዋጣም፣ ሜዳው በሰው ተጨናንቋልና። ሙከራ ማብዛት፣ በረኛው ፊት ሰው ማቆምና የሚተፋውን መጠበቅ ይሻላል። ኮርሲ እንደገና ዋጋ ያገኛል። ግን እሱም ወሰን አለው። ኦገስት 11 ቀን 2020 ታምፓ ቤይ ኮሎምበስን በአምስተኛው ጭማሪ 3 ለ 2 አሸነፈ። ታምፓ 88 ጊዜ ዒላማ ጠብቆ መታ፣ ኮሎምበስ 63። የኮሎምበሱ በረኛ ዮናስ ኮርፒሳሎ 85 አዳነ። 25 ሙከራ በልጠህ በአንድ ጎል ብቻ፣ ያውም ከስንት ሰዓት በኋላ። ረጅሙ ቅያሬ በፕሌይኦፍም ስላለ፣ በተለይ ከሁለተኛው ጭማሪ በኋላ «ደ» የሚለው ምልክታችሁ ይብዛ።

12. ከኦፊሴላዊው መዝገብ ጋር አመሳክሩ

ጨዋታው ሲያልቅ የሊጉ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ክስተት ከነሰዓቱ ተዘርዝሯል። ኢንተርኔት ቢቋረጥባችሁም ኋላ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ገጹ ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ፌስኦፉን፣ ዒላማ የጠበቀውን፣ የወጣውን፣ የታገደውን በየተራ ከወረቀታችሁ ጋር አነጻጽሩ። አንድ ሁለት ልዩነት ቢኖር አትደንግጡ። ሜዳው ላይ የሚመዘግቡትም ሰዎች ናቸው፣ ከስታዲየም ስታዲየም እጃቸው ይለያያል።

አንድ ቦታ ላይ ግን የእናንተን ወረቀት እመኑ። የታገደ ሙከራ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው በታገደበት ቦታ ነው፣ በተመታበት አይደለም። ካርታው ላይ ጎል አጠገብ ነጥብ አይታችሁ «እንዴት ያለ ዕድል አመለጠ» ካላችሁ፣ መጀመሪያ ከየት እንደተመታ ከሰረዛችሁ አረጋግጡ።